የመጀመሪያ የመምህርነት ሥራ ማመልከቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች አዲስ ተመራቂ መምህራን ሥራ ሲፈልጉ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹን የጻፍኩት ከቀጣሪዎች ወገን ተቀምጬ ማመልከቻ ሳገላብጥና አመልካቾች ችሎታቸውን ለማሳየት የሚሰጡትን የማሳያ ትምህርት ስመለከት ካየሁት ተነስቼ ነው። የየአገሩ ደንብና የየትምህርት ቤቱ መስፈርት ይለያያል። ማስታወቂያው እኔ ካልኩት የተለየ ነገር ካለ ማስታወቂያውን ስሙ።

ማስታወቂያው ልምድ ይጠይቃል፤ እኔ ገና መመረቄ ነው። ላመልክት?

አነጋገሩን ልብ በሉ። "ልምድ ያለው ይመረጣል" የሚል ከሆነ አመልክቱ። "ቢያንስ አምስት ዓመት ያስተማረ" ካለ ግን አትድከሙ፤ ወረቀታችሁ በወጉ ሳይነበብ ነው ወደ ጎን የሚደረገው።

ደግሞ "ምንም ልምድ የለኝም" ማለት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። የተግባር ልምምድ ወጥታችኋል። ክፍል ውስጥ ቆማችኋል፣ ዕቅድ አዘጋጅታችኋል፣ ፈተና አርማችኋል። የጎረቤት ልጅ አስጠንታችሁ ወይም በክበብ ታናናሾቻችሁን አሠልጥናችሁ ከሆነ እሱም ይቆጠራል። ቀጣሪው ትናንት የተመረቀ ልጅ የሃያ ዓመት መምህር እንዲሆንለት አይጠብቅም። ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ልጆች ፊት ቆሞ ያውቃል ወይ፣ ከቆመስ ልጆቹ ምን ተማሩ የሚለውን ነው። ሲቪውም፣ ደብዳቤውም፣ ቃለ መጠይቁም ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጫ ናቸው።

ዩኔስኮ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም 44 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ያስፈልጓታል ብሎ ገምቷል። እጥረቱ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር፣ ወይም ከትልልቅ ከተሞች ራቅ ብሎ ለመሄድ የፈቀደ ሰው በብዙ አገሮች ቶሎ ይቀጠራል። መሀል ከተማ ያለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት በር ላይ ደግሞ ሁልጊዜም ወረፋ አለ። የመጀመሪያውን ዙር እዚያ ብቻ የሚያመለክት ሰው ወረፋውን ያየና "ሥራ የለም" ብሎ ይደመድማል።

መቼ ነው ማመልከት ያለብኝ?

ዋናው ቅጥር የትምህርት ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ይካሄዳል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላም ቢሆን በሩ አይዘጋም። የወሊድ ፈቃድ የምትወጣ መምህርት አለች፣ በመሀል የሚለቅ አለ። ያኔ የሚፈለገው ነገ ጠዋት መጀመር የሚችል ሰው ስለሆነ ማስረጃችሁ ተሟልቶ ይቀመጥ። በሰው ቦታ ተተክቶ የማስተማር ጊዜያዊ ሥራ ቢገኝ አትናቁት። ትምህርት ቤቱ ሥራችሁን በዓይኑ ያያል፤ እናንተም ትምህርት ቤቱን ታዩታላችሁ።

ሲቪዬ ላይ ምን ልጻፍ?

አንድ ገጽ ይበቃል፣ ሁለትም አይከፋም። አምስት ገጽ የሚልክ አዲስ ተመራቂ ግን አንባቢውን እያደከመ ነው።

ከላይ ስም፣ ስልክና ኢሜይል። ቀጥሎ ምን ትምህርት፣ ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ክፍል ማስተማር እንደምትችሉ በአንድ መስመር ጻፉ። ይህቺን መስመር የሚረሳው ሰው ብዛት ይገርማል። ርዕሰ መምህሩ የሚፈልገው የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነው፤ እናንተ መሆናችሁን ለማወቅ ገጽ እየገለጠ መፈለግ የለበትም። ከዚያ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማችሁ ይመጣል፣ የማስተማር ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ። ገና ያላለቀ ከሆነ "በሂደት ላይ" በሉና መቼ እንደሚደርስ ጨምሩ።

አሁን ዋናው መጣ። የተግባር ልምምዱን እንደ ሥራ ጻፉት። "የተግባር ልምምድ ወስጃለሁ" ብሎ ማለፍ ምንም አይናገርም። እንዲህ ቢሆንስ?

"የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ፣ 48 ተማሪዎች፣ ስምንት ሳምንት። ስለ ኤሌክትሪክ ያለውን ምዕራፍ ከዕቅድ እስከ ፈተና በራሴ አስተምሬያለሁ። ቤተ ሙከራ ስላልነበረ በባትሪ፣ በሽቦና በትንንሽ አምፖሎች በቡድን እንዲሠሩ አድርጌያለሁ።"

ክፍሉ አለ፣ የተማሪው ብዛት አለ፣ የጎደለው ነገርና የተገኘለት መላም አለ። ይህን ያነበበ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ "እስቲ ስለ አምፖሎቹ ይንገሩን" ማለቱ አይቀርም። አያችሁ፣ የምትጠየቁትን ጥያቄ ራሳችሁ መረጣችሁ ማለት ነው።

"ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም" የሚለውን ተውት፤ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ፋይሉን በፒዲኤፍ ላኩ፣ ስሙም የእናንተን ስምና የምታስተምሩትን ትምህርት ይያዝ። "ሲቪ አዲስ የመጨረሻ 3" የሚል ፋይል በቀን ስንቴ እንደሚመጣ ብታውቁ ትስቃላችሁ።

የማመልከቻ ደብዳቤውንስ የሚያነበው አለ?

ሁሉም አያነበውም። የሚያነበው ግን ሁለት ተመሳሳይ ሲቪዎችን የሚለየው በደብዳቤው ነው። ችግሩ አብዛኛው ደብዳቤ "በተከበረው ተቋማችሁ ያለኝን እውቀትና ክህሎት ተጠቅሜ ለማገልገል ካለኝ ከፍተኛ ፍላጎት የተነሳ" ብሎ ይጀምራል። ይሄ ለባንክም ለሆስፒታልም ይሆናል።

ሦስት አጫጭር አንቀጾች ይበቃሉ። አንደኛው ለየትኛው ቦታ እንደምታመለክቱ ይናገር። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያደረጋችሁትን አንድ ነገር ያሳይ። ሦስተኛው ለምን ይህን ትምህርት ቤት እንደመረጣችሁ ያስረዳ፤ ለዚህ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ማጣራት ግድ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጮክ ብለው ሲያነቡ ደህና ነበሩ፤ ስላነበቡት ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ባነበቡ ቁጥር ቆም ብለው አጠገባቸው ላለው ልጅ በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ አደረግሁ። መጀመሪያ ላይ ግርግር ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ልጆች መመለስ ጀመሩ።"

"ግርግር ሆነ" ማለት አያስፍራችሁ። ክፍል የሚያውቅ አንባቢ ታሪኩ እውነት መሆኑን የሚለየው በእንደዚህ ያለ ነገር ነው።

ደብዳቤውን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ባስጽፈውስ?

የፊደል ግድፈት ለማረምና የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ለማሳጠር ይረዳል። እናንተ ክፍል ውስጥ የሆነውን ግን አያውቅም። ያልነገራችሁትን ፈጥሮ ከጻፈ ቃለ መጠይቁ ላይ መልስ የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ውጤቴ ዝቅ ያለ ነው። ተስፋ አለኝ?

ማስታወቂያው ዝቅተኛ ነጥብ ካስቀመጠና ካልሞላችሁ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ። ካላስቀመጠ ግን በይበልጥ የሚታየው በምታስተምሩት ትምህርት ላይ ያመጣችሁት ውጤትና ልምምዱ ላይ የተሰጣችሁ ነጥብ ነው። ከተጠየቃችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱና እለፉ። አስተማሪዬ ጠምዶኝ ነው ማለት ብቻ ይቅርባችሁ፤ መምህር ሊሆን የመጣ ሰው በመምህሩ ሲያላክክ ጆሮ አይስብም።

ምስክር የሚሆነኝ ማን ነው?

ስታስተምሩ ያያችሁ ሰው። ልምምዱ ላይ ክፍሉን ያስረከባችሁ መምህር ከሁሉም ይቀድማል። ከኮሌጅ መጥቶ የገመገማችሁ መምህርም ጥሩ ነው። ትልቅ ስም ያለው ግን እናንተን በመልክ ብቻ የሚያውቅ ሰው አይረዳችሁም። ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት አስፈቅዱት፤ የትኛው ትምህርት ቤት፣ ለስንተኛ ክፍል እንዳመለከታችሁም ንገሩት። ተደውሎለት "ማን ነበር ያላችሁኝ?" ያለ ምስክር ከሌለ ምስክር ይብሳል።

የማሳያ ትምህርት አሳዩ ተብዬ ተጠራሁ። ምን ላድርግ?

ቅጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ እንየው።

መጀመሪያ ጠይቁ። ስንት ደቂቃ ነው? ስንተኛ ክፍል? ስንት ተማሪ? እስካሁን የት ደርሰዋል? ሰሌዳው በጠመኔ ነው በማርከር? ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም የሥራ ሰው መሆናችሁን ያሳያል።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ትልቁ ጥፋት ሙሉ ምዕራፍ በሃያ ደቂቃ ለመጨረስ መሮጥ ነው። አመልካቹ እውቀቱን ለማሳየት ይጣደፋል፤ የቅጥር ኮሚቴው የሚያየው ግን ልጆቹን ነው። ስንቶቹ እየሠሩ ነው? ስንቶቹ ጠፍተዋል?

እንበል ሃያ ደቂቃ ተሰጣችሁ፤ ትምህርቱም ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብላችሁ ጻፉና ሁሉም ደብተሩ ላይ ይሞክር። እናንተ በወንበሮቹ መሀል እየዞራችሁ ደብተር ተመልከቱ። ከፊሉ 2/5 ብሎ ያገኛል፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ። ብዙ አዲስ መምህር እዚህ ጋ "ስህተት ነው" ብሎ ደንቡን ሰሌዳው ላይ ይገለብጣል። እናንተ ግን የማንም ልጅ ስም ሳትጠሩ 2/5ን ሰሌዳው ላይ አውጡትና ጠይቁ፦ "መጀመሪያ ግማሽ ነበረን። በላዩ ላይ ጨመርንበት። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?"

ከዚያ ዝም በሉ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን ዝምታ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጥንታዋለች። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ባብዛኛው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘም አለ፤ የሚሳተፈው ልጅም በዛ። ኮሚቴ ፊት ቆማችሁ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት አንድ ዓመት ይመስላል። ቻሉት።

አንዱ ልጅ "ያንሳል!" ይላል። "ጨምረንበት እንዴት ያንሳል?" በሏቸው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ የምትፈልጉትም ያንን ጫጫታ ነው። አሁን አንድ አራት ማዕዘን ስላችሁ ስድስት እኩል ቦታ ክፈሉት። ግማሹ ሦስት ቤት፣ ሲሶው ሁለት ቤት ነው፤ ድምሩ 5/6። ደንቡን የምትነግሯቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ለምን እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል።

መጨረሻ ላይ ቁራጭ ወረቀት አድሉና 1/4 + 1/3 ለየብቻ ሠርተው እንዲሰጧችሁ አድርጉ። ወረቀቶቹን ቶሎ ቶሎ ገላልጧቸው። ኮሚቴው "ትምህርቱ እንዴት ነበር?" ማለቱ አይቀርም፤ "ጥሩ ነበር" የሚለው መልስ ባዶ ነው። "ከሃያዎቹ አሥራ አራቱ 7/12 አግኝተዋል። አራቱ አሁንም ታቹን ከታቹ ደምረዋል፤ ነገ ሥዕሉን ራሳቸው እንዲሥሉ በማድረግ እጀምራለሁ። ሁለቱ ምንም አልጻፉም፤ እነሱን ጠጋ ብዬ ማየት አለብኝ" ያለ ሰው ግን ከዲግሪው በላይ ተናገረ።

ሰዓቱ ቢያልቅባችሁ አትሩጡ። ከዕቅዱ አንዱን ክፍል ዝለሉና ወረቀቷን አሠሩ።

ክፍሉ ውስጥ ተማሪ ከሌለና ኮሚቴው ብቻ ከተቀመጠስ?

ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን የተለመደ ነው። "ለዚህ ትምህርት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ናችሁ" ብላችሁ ጀምሩና በእርግጥም ጥያቄ ጠይቋቸው፣ አሠሯቸው። ሰሌዳ እያዩ ለብቻ ማውራት ነው የሚጥለው።

ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠይቃሉ?

"ስለ ራስዎ ይንገሩን" ከሚለው በኋላ ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ አንድ አካባቢ ይሽከረከራሉ፦ ክፍል ቢረበሽ ምን ታደርጋለህ፣ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ልጅ እንዴት አብረሽ ታስተምሪያለሽ፣ መማራቸውን በምን ታውቃለህ፣ ልጄን በደላችሁ ብሎ የመጣ ወላጅ እንዴት ታስተናግጃለሽ።

ለእያንዳንዱ ከልምምዱ አንድ ታሪክ አዘጋጁ። ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ምን ተገኘ። በቃ። ስለ ብሉም የእውቀት ደረጃዎች (አስተሳሰብን ከማስታወስ ጀምሮ ወደ ከበዱት በደረጃ የሚከፍለው ዝርዝር) ቢጠይቋችሁም ዝርዝሩን እንደ ውዳሴ ከመደርደር ክፍል ውስጥ ያነሳችሁትን አንድ የማስታወስና አንድ የማመዛዘን ጥያቄ አነጻጽሩ።

ስለ ረብሻ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ቅጣት ይዘረዝራሉ። ያዕቆብ ኩኒን የተባለ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ሌላ ነገር ነው የሚለው። ክፍላቸው የሚሰማቸው መምህራን ከሌሎቹ የሚለዩት ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ በሚያደርጉት አልነበረም። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ነው፦ ለአንዱ እያስረዱ የኋላውን ረድፍ ያያሉ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ባዶ ጊዜ አይተዉም። ስለዚህ መልሳችሁን ከመከላከል ጀምሩ። ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ ሥራ ይጠብቃቸዋል? ደብተር ሲታደል የቀረው ልጅ ምን ይሠራል? እንዲህ ወርዶ የሚናገር አመልካች ብርቅ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ያለ ዝግጅት የሚመለስ አይደለም። "አንዲት ተማሪ ቤት ውስጥ ጉዳት እየደረሰባት መሆኑን ነገረችዎት፤ ለማንም እንዳይናገሩም ለመነችዎት። ምን ያደርጋሉ?" ደግ ለመሆን ብላችሁ "ምስጢሯን እጠብቃለሁ" ካላችሁ ወደቃችሁ፤ በጎ አሳቢ ሆናችሁም ልጅቷን አደጋ ላይ ጣላችሁ። ተረጋግታችሁ ስሟት። "ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ" በሏት። ምስጢር እንደማትይዙና ሊረዳት ለሚችል ሰው መንገር እንዳለባችሁ በግልጽ ንገሯት። እንደ መርማሪ አታፋጧት። ያለችውን በራሷ ቃል መዝግቡና ትምህርት ቤቱ ለልጆች ደኅንነት ለመደበው ሰው ያኔውኑ አስታውቁ። ቤተሰቡን ራሳችሁ ሄዳችሁ መጋፈጥም ልክ አይደለም።

የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ?

"ይህን አላውቀውም፤ ግን እንዲህ አድርጌ አጣራለሁ" በሉ። ተማሪ ፊትም የምትሉት ያንኑ ነው።

ምን ልልበስ?

ንጹሕና የሚመች፤ ክፍል ገብታችሁ የምታስተምሩበት ዓይነት። ጫማው ቆማችሁ ልትውሉበት የምትችሉት ይሁን።

"ጥያቄ አለዎት?" ሲሉኝ ምን ልበል?

"የለኝም" አትበሉ። ለመጀመሪያ ዓመት መምህር ሕይወቱን የሚወስኑ ነገሮች አሉ፦ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ? ስንት የተለያየ ክፍል? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ለአዲስ መምህር የሚመደብ አማካሪ አለ? ያልተማርኩትን ትምህርት እንዳስተምር ልጠየቅ እችላለሁ? ሃያ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ዓይነት ክፍል ማዘጋጀትና ሃያ ክፍለ ጊዜ ለአራት ዓይነት ክፍል ማዘጋጀት ሰማይና ምድር ነው። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም "20" ነው የሚለው።

ደሞዝን በተመለከተ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባብዛኛው የተወሰነ እርከን ስላላቸው ድርድር የለም። የግሎቹ ጋ ግን መጠየቅ ይቻላል፤ ቅጥሩ እውን ወደ መሆን ሲቃረብ ቢሆን ይመረጣል።

ውሉ ላይ ምን ልይ?

የዕረፍት ወራት ደሞዝ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ለመልቀቅ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ አለባችሁ? የማጠናከሪያ ትምህርትና የቅዳሜ ሥራ ለብቻው ይከፈላል ወይስ "በሥራው ውስጥ ያለ" ነው? በቃል የተነገራችሁ ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ኦርጅናል ዲግሪዬን አስቀምጥ ቢሉኝስ?

አሳዩ፣ ያመሳክሩ፣ ኮፒውን ይያዙ። ኦርጅናሉ ግን ወደ ቤት ከእናንተ ጋር ይመለስ። ለማስቀጠር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ደግሞ ንግግሩን እዚያው አቁሙ።

መልስ ሳይሰጡኝ ጠፉ። ልደውል?

መልስ እንሰጣለን ያሉበት ቀን ካለፈ ደውሉ ወይም ጻፉ። ቀን ካልጠቀሱ አንድ ሳምንት ጠብቁ። "ባለፈው ማክሰኞ ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የማሳያ ትምህርት ሰጥቼ ነበር። ውሳኔው ምን ላይ እንደደረሰ ለመጠየቅ ነው" በቂ ነው። አልተመረጡም ካሏችሁ ማሳያ ትምህርቱ ላይ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ሁሉም አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ሰው ከተገኘ ግን ዝም ብላችሁ ጻፉ፣ አትከራከሩ።

ሁለት ቦታ ቢቀበሉኝ የቱን ልምረጥ?

የደሞዙ ልዩነት ኑሯችሁን የሚነካ ካልሆነ አማካሪ የሚመድበውንና የክፍል ዓይነት የማያበዛውን ምረጡ። ስትጎበኙ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ገባ ብላችሁ ለደቂቃ ተቀመጡ፤ መምህራኑ ስለ ተማሪዎቻቸው እንዴት እንደሚያወሩ ስሙ። ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ ለሌላኛው ትምህርት ቤት በዚያው ቀን ደውላችሁ አሳውቁ፤ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ አመልካች አላቸው።